ዱባና ቅል፤ ለጓሮ ስለሚመረጥ ከራሚ ዱባ የቀረበ የታሪክ ጥናት

መግቢያ

በጓሮው ዱባ ሊተክል የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ይጣፍጣል፥ የትኛውስ ይተልቃል ብሎ ነው። ጥያቄው የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ዱባ እንደ ጎመን ዛሬ ተቀንጥሶ ዛሬ የሚበላ ሳይሆን፥ ተለቅሞ ለወራት የሚቀመጥ፥ ፍሬውም ለሚመጣው ዓመት ዘር የሚሆን ተክል ነው። ስለዚህ መራጩ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባዋል። አንደኛ፥ ይህ ዱባ በቤት ውስጥ ምን ያህል ይከርማል? ሁለተኛ፥ የአገሬን አየርና የአገሬን ተባይ ችሎ ለፍሬ ይደርሳል ወይ? ሦስተኛ፥ የየትኛው ወገን ነው?

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፥ እነዚህ ጥያቄዎች አንድ ሊቅ በአንድ ቀን ያሰባቸው ሳይሆኑ፥ ጓሮአቸውን የኮተኮቱ ሰዎች በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ አንድ በአንድ የደረሱባቸው መሆናቸውን ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ከሁሉ ዘግይቶ የተመለሰ፥ እስከ ዛሬም ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋ ነው። እርሱን የዘነጋ ሰው ደክሞ የመረጠውን ዱባ ዘሩን በዘራበት ዓመት ያጣዋል።

ስለ ስያሜው አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ዱባ በብርድ ወራት ስም ይጠሩታል። የእነርሱ የብርድ ወራት በረዶ የሚወርድበትና አትክልት የማይበቅልበት ጊዜ ነው፤ የኛ ክረምት ግን የዝናብና የእርሻ ወራት ስለ ሆነ፥ ስሙ እንዳለ ቢመለስ አንባቢን ያሳስታል። ደግሞም ስያሜው የሚያመለክተው ዱባው የሚበቅልበትን ሳይሆን የሚበላበትን ጊዜ ነው። ስለዚህ እኛ ከራሚ ዱባ እንለዋለን። ይኸውም ቆዳው እስኪጠነክር ድረስ በሐረጉ ላይ ቆይቶ የሚለቀምና በቤት የሚከርም ማለት ነው። በለጋነቱ ተቀንጥሶ የሚበላው፥ እንደ ዙኪኒ ያለው ዱባ፥ ከዚህ ጥናት ውጭ ነው። ዘመኑም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

1. ቅል ወደዚያ፥ ዱባ ወደዚህ

በአገራችን «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይባላል። ተረቱ የሚተረተው መልካቸው ተቀራርቦ ጠባያቸው ለተለያየ ሰዎች ነው። የተክል ታሪክ ሲመረመር ግን ተረቱ በቃል በቃሉም እውነት ሆኖ ይገኛል።

ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ሆኖም የቅል ስብርባሪ በአሜሪካ ምድር ከ9 ሺህ ዓመት በላይ በቆየ የሰው መኖሪያ ተገኝቷል። በ2014 የታተመ የዘር ምርመራ እንዳመለከተው፥ የጥንቱ የአሜሪካ ቅል የቅርብ ዘመድ የአፍሪካው ቅል ነው። ስለዚህ ቀላልና ውሃ የማያስገባው ፍሬ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ተንሳፎ ራሱ ተሻገረ የሚለው አሳብ ተጠናከረ። ዱባ ደግሞ በተቃራኒው የአሜሪካ ተወላጅ ነው። ኮሎምቦስ በ1492 ባሕሩን እስኪሻገር ድረስ በአፍሪካም፥ በእስያም፥ በአውሮፓም ዱባን ያየ አልነበረም። በአውሮፓ ከሚታወቁት የዱባ ሥዕሎች የመጀመሪያው በ1503 እና በ1508 መካከል ለፈረንሳይ ንግሥት ለአን ዘብሪታኒ በተዘጋጀው የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው ነው። በሮማ በፋርኔዚና ቤት ጣራ ላይ በ1515 እና በ1518 መካከል በተሣሉት የአበባና የፍሬ ሐረጎች ውስጥም ዱባ ይታያል።

ከዚህ ላይ የቃል ታሪክን ለሚያጠና ተማሪ አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባል። በጥንታዊ የዐረብኛ መጻሕፍት፥ በሐዲስም ጭምር፥ «ዱባእ» የሚለው ቃል ይገኛል። ቃሉ ከኛው ዱባ ጋራ አንድ ድምፅ ይሁን እንጂ፥ በዚያ ዘመን የሚያመለክተው ቅልን ነበር፤ ከእርሱ የመጠጥ ዕቃ ይሠራ እንደ ነበረ መነገሩም ይህን ያስረዳል። እንግዳው ተክል ከአሜሪካ በደረሰ ጊዜ የቆየውን ስም ወረሰ። እንግዲህ ቃሉ ከተክሉ ይቀድማል ማለት ነው። ተረታችንም በዛሬው ትርጉሙ ሊተረት የሚችለው ዱባ ከአሜሪካ ከወጣ በኋላ ብቻ ነው።

2. የመጀመሪያዎቹ መራጮች

የበረሃው ዱባ ትንሽና እጅግ መራራ ነው። መራራነቱ የሚመጣው ኩኩርቢታሲን ከሚባል መርዛማ ነገር ነው። ታዲያ ሰው መራራውን ፍሬ ስለ ምን ወደ ጓሮው አመጣው? አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የሚሰጡት መልስ ስለ ፍሬዎቹና ስለ ቆዳው ነው የሚል ነው። ፍሬዎቹ ታጥበውና ተቆልተው ይበላሉ፤ ደረቅ ቆዳውም ዕቃ ይሆናል። ጣፋጭ ሥጋ የተገኘው ኋላ፥ መራራውን እየጣሉ ያልመረረውን ለዘር እያስቀሩ ከሄዱ በኋላ ነው።

ይህ ምርጫ ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ የታወቀው በሜክሲኮ አገር በኦአሃካ ግዛት ከሚገኘው ጊላ ናኪትዝ ከሚባል ዋሻ ነው። ብሩስ ስሚዝ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1997 እንዳስታወቀው፥ በዚያ ከተገኙት የዱባ ፍሬዎች አንዳንዶቹ ከበረሃው ዱባ ፍሬ የሚተልቁ ሲሆኑ ዕድሜአቸው ወደ 10 ሺህ ዓመት ይጠጋል። በቆሎ በዚያ አገር ከመታረሱ በፊት ዱባ በሰው እጅ ነበር ማለት ነው። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ደግሞ የዚሁ ወገን ዱባ ከ5 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ለብቻው ለማዳ ሆኗል።

አውሮፓውያን በሰሜን አሜሪካ ጠረፍ በሰፈሩ ጊዜ የአገሩ ተወላጆች ዱባን ከበቆሎና ከባቄላ ጋራ በአንድ ማሳ ሲያበቅሉ አገኙአቸው። በቆሎው ለባቄላው ድጋፍ ይሆናል፤ የዱባው ሰፊ ቅጠል መሬቱን ሸፍኖ አረምን ያፍናል፥ እርጥበትንም ይጠብቃል። እንግሊዞች ዱባን የሚጠሩበትን ቃል የወሰዱት ከናራጋንሴት ሕዝብ ቋንቋ መሆኑን፥ ሮጀር ዊልያምስ በ1643 ስለ ቋንቋው ባሳተመው መጽሐፍ እንረዳለን።

ስለ መራጮቹ ከሁሉ የሰፋ ምስክርነት የምናገኘው በሰሜን ዳኮታ በሚዙሪ ወንዝ አጠገብ ከሚኖረው ከሂዳትሳ ሕዝብ ነው። ጊልበርት ዊልሰን የተባለው ጸሐፊ፥ ቡፋሎ በርድ ዉመን ተብለው የሚታወቁት የሂዳትሳ አሮጊት ስለ እርሻቸው የነገሩትን ሰብስቦ በ1917 አሳትሟል። እርሻው የሴቶች ሥራ ነበር። የበጋው ዕድሜ አጭር ስለ ሆነ የዱባውን ዘር ወዲያው መሬት ውስጥ አይጥሉትም፤ አስቀድመው በእርጥብ ሣርና በቅጠል ጠቅልለው በቤት ሙቀት ያበቅሉትና ቡቃያውን ይተክሉታል። ከፍሬውም አብዛኛውን በለጋነቱ ለቅመው፥ በአጥንት ቢላዋ ከትፈው፥ በእንጨት ላይ ሰክተው ያደርቁታል፤ የደረቀውም በመሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ለብርዱ ወራት ይቀመጣል። እንግዲህ ስለ መክረምና ስለ አገር አየር የሚጠየቁትን ሁለቱን ጥያቄዎች እነዚህ ሴቶች ማንም የእርሻ ትምህርት ቤት ሳያስተምራቸው መልሰዋቸው ነበር።

3. የማርብልሄድ ዱባ

የአንድ ዱባ ምርጫ እንዴት ከጓሮ ወደ ገበያ እንደሚወጣ ለማየት ሀበርድ ከሚባለው ዱባ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ማርብልሄድ ከቦስተን በስተ ሰሜን በማሳቹሴትስ ጠረፍ የምትገኝ የዓሣ አጥማጆችና የጫማ ሠሪዎች ከተማ ነበረች። ጄምስ ግሪጎሪ የተባለው የዚያች ከተማ ሰው በ1857 በአንድ የአትክልት መጽሔት ላይ የዱባውን ታሪክ ጽፏል። እርሱ እንደሚለው ካፒቴን ኖት ማርቲን የተባሉ ሰው ዱባውን ለቤተ ሰባቸው ብቻ ያበቅሉ ነበር። በ1842 ወይም በ1843 ኤሊዛቤት ሀበርድ የተባሉ የከተማይቱ ነዋሪ የዱባውን መልካምነት ለግሪጎሪ ቤተ ሰብ ነገሩ፤ ዘሩም በእርሳቸው አማካይነት ተገኘ። ዱባው እስከዚያ ጊዜ ስም ስላልነበረው የግሪጎሪ አባት በሴቲቱ ስም ሀበርድ ብለው ሰየሙት።

ከዚህ አጭር ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ዱባው ስም ሳይኖረው ለብዙ ዓመታት በጥቂት ሰዎች ጓሮ ብቻ የኖረ መሆኑ ነው። ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ አንድ ዓመት ዘር ሳያስቀር ቢቀር ኖሮ ዛሬ ሀበርድ የሚባል ዱባ ባላወቅን ነበር። ሁለተኛው፥ ዱባው የተመረጠበት ምክንያት ነው። በዚያ ዘመን በአካባቢው ገበያ የታወቀው ቦስተን ማሮ የሚባለው ዱባ ነበር፤ እርሱም ጣፋጭ ቢሆንም ቆዳው ስስ ነው። ሀበርድ ግን ቆዳው እንደ እንጨት የጠነከረ፥ አንዳንዱም በመጥረቢያ ካልሆነ የማይሰበር ነው። ስለዚህ መኸሩ ካለፈ ከብዙ ወራት በኋላም ቢሆን ይበላል። በረዶ ደጁን በዘጋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግሪጎሪ በ1850ዎቹ የዘር ንግድ ጀመረ፤ በ1867ም ስለ ዱባ አበቃቀል፥ አቀማመጥና አሻሻጥ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሀበርድም በመላው አሜሪካ ታወቀ።

4. ንቦችና የወገን ሕግ

ከዚህ በኋላ የሦስተኛው ጥያቄ ነገር ይመጣል። ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል። አበባው በማለዳ ይከፈታል፥ እኩለ ቀን ሳይሞላም ይጠወልጋል። በዚያ ጥቂት ሰዓት ውስጥ የወንዴውን ዱቄት ወደ ሴቴው የምታደርሰው ንብ ናት። ንብ ግን የጎረቤትን አጥር አታውቅም። ከመንደሩ ማዶ ካለ ዱባ የያዘችውን ዱቄት በዚህኛው ጓሮ ልታራግፍ ትችላለች።

ብዙ ሰው የተደባለቀ ዱባ ወዲያው መልኩ ይለወጣል ብሎ ያስባል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የዘንድሮው ፍሬ ሥጋውም ቆዳውም የእናቲቱ ነው፤ ድብልቁ የተሰወረው በውስጡ ባሉት ዘሮች ነው። ባለቤቱ ያማረውን ዱባ መርጦ፥ በልቶ፥ ዘሩን በጥንቃቄ ያስቀምጣል። በሚመጣው ዓመት ሲዘራው ግን አንዱ ረጅም፥ አንዱ ድቡልቡል፥ አንዱ ውሃ ውሃ የሚል ዱባ ያፈራለታል። ዘሩ ከረከሰ በኋላ ደግሞ የቀድሞውን መልሶ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

የትኛው ዱባ ከየትኛው ጋራ እንደሚደባለቅ በግልጽ ያስረዳው ፈረንሳዊው ሻርል ኖደን ነው። ከእርሱ በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት ዱሼን የተባለው የአገሩ ሰው ነገሩን ጀምሮት ነበር። ኖደን በፓሪስ ብዙ ዓይነት ዱባዎችን አብቅሎ፥ እርስ በርሳቸውም አዳቅሎ፥ በ1856 ውጤቱን አሳተመ። የዱባ መልክ ከመቶ በላይ ይሁን እንጂ፥ በአትክልት ቦታ የተለመዱት በሦስት ታላላቅ ወገኖች የሚጠቃለሉ መሆናቸውን አሳየ፤ እነዚህም ፔፖ፥ ማክሲማና ሞስካታ ናቸው። የአንድ ወገን ዓይነቶች መልካቸው ምንም ያህል ቢራራቅ በቀላሉ ይዳቀላሉ። የተለያየ ወገን የሆኑት ግን መልካቸው ቢመሳሰልም በተፈጥሮ አይዳቀሉም ለማለት ይቻላል። እርግጥ አጥሩ ፈጽሞ የማይታለፍ አይደለም፤ ጃፓኖች ማክሲማንና ሞስካታን አዳቅለው ቴትሱካቡቶ የሚባል ዱባ አውጥተዋል። ለጓሮ ገበሬ ግን አጥሩ የታመነ ነው።

ሀበርድ፥ ቦስተን ማሮና ጥምጥም የሚመስለው ተርባን ሦስቱም ማክሲማ ናቸው። እንግዲህ ሦስቱን ጎን ለጎን የተከለ ሰው ሦስቱንም ያጣል። ከሁሉ የከፋው ግን በፔፖ ወገን የሚደርሰው ነው። ለጌጥ የሚተከሉት መራራ ትንንሽ ዱባዎች ፔፖ ስለ ሆኑ፥ ከሚበላው ፔፖ ጋራ ሲዳቀሉ የጥንቱ መራራ መርዝ ይመለሳል። የመረረ ዱባ ቢቀቅሉትም አይጠፋለትምና፥ የቀመሰ ሰው ወዲያው ተፍቶ ሊጥለው ይገባል።

5. ለየአገሩ የሚስማማ

በ20ኛው መቶ ዓመት ምርጫው ከጓሮ ወደ ዘር ነጋዴዎችና ወደ ምርምር ጣቢያዎች ተስፋፋ። ሦስት ምሳሌዎች ይበቁናል።

በ1913 የአይዋ የዘር ኩባንያ ቴብል ክዊን የተባለውን ፔፖ ለገበያ አቀረበ። ይህ ዱባ ትንሽ፥ በጎኑ ጎድጓዳ መስመር ያለው ሲሆን፥ ለሁለት ተከፍሎ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው። ጉድለቱ ብዙ አለመክረሙ ነው።

በ1931 በሰሜን ዳኮታ የእርሻ ኮሌጅ ፕሮፌሰር አልበርት ዬገር በተርካፕ የተባለውን ማክሲማ አወጡ። በዚያ አገር ውርጩ ቶሎ ስለሚመጣ ስኳር ድንች አይሆንም ነበር። ዬገር የፈለጉት ለሰሜን ገበሬ የስኳር ድንች ምትክ የሚሆን፥ ሥጋው ደረቅና ጣፋጭ የሆነ፥ በአጭር በጋ የሚደርስ ዱባ ነው። የሂዳትሳ ሴቶች ዘሩን በቤት በማብቀል የመለሱትን ጥያቄ፥ ኮሌጁ በማዳቀልና በመምረጥ መለሰው ማለት ይቻላል።

በ1970 ደግሞ ዋልተም በተርናት የተባለው ሞስካታ የመላ አሜሪካን የአትክልት ሽልማት አገኘ። በተርናት የተገኘው አንገቱ ቆልማማ ከሆነ የቆየ ዱባ ነው፤ ቆልማማው በጭነት ጊዜ እየተሰበረ ስላስቸገረ አንገቱ ቀጥ ያለው ተመረጠ። የሞስካታ ወገን ሌላም ጥቅም አለው። በሰሜን አሜሪካ የዱባን ሐረግ ሰርስሮ የሚገባ የእሳት እራት ትል አለ፤ ትሉ ለስላሳና ክፍት የሆነውን የማክሲማን ሐረግ ይወዳል፥ ጠጣሩን የሞስካታ ሐረግ ግን በብዙ አይደፍርም።

የመክረማቸው ልክ እንደሚከተለው ነው። ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ደረቅ ቦታ ሲቀመጡ፥ ቴብል ክዊንና መሰሎቹ ከ5 እስከ 8 ሳምንት፥ በተርናት ከ2 እስከ 3 ወር፥ ሀበርድ ከ5 እስከ 6 ወር ይቆያሉ። በተርናትንና ሀበርድን ከለቀሙ በኋላ ለ10 ቀን ያህል በሙቅ ቦታ ማሰንበት ቆዳቸውን ያጠነክራል። ቴብል ክዊን ግን በሙቀት ይበላሻል እንጂ አይጠቀምም።

6. ዘር በማድጋ ወይስ በእጅ?

በቅርብ ዓመታት በብዙ ሕዝብ ዘንድ የተወራ አንድ ታሪክ አለ። በዊስኮንሲን በመሬት ውስጥ ከ800 ዓመት በፊት የተቀበረ የሸክላ ኳስ ተገኘ፥ በውስጡ የነበረውም የዱባ ዘር ተዘርቶ በቀለ፥ እርሱም ጌቴ ኦኮሶሚን የተባለው ትልቅ ዱባ ነው ይባላል። ታሪኩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። የዱባ ዘር በተለመደ አቀማመጥ የመብቀል ኃይሉን የሚጠብቀው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ነገሩ ሲመረመርም ዘሩ የተገኘው በኢንዲያና ከሚኖሩ የማያሚ ሕዝብ አትክልተኞች መሆኑ ታወቀ። እነርሱም ዘሩን ከእናትና ከአያት ተቀብለው በየጊዜው እየዘሩ አቆይተውታል።

በእኛ አስተያየት እውነተኛው ታሪክ ከተወራው ይልቅ የሚደነቅ ነው። ዘር በማድጋ ተቀብሮ 800 ዓመት አይኖርም፤ በሰው እጅ ግን ይኖራል። በመካከል አንድ ትውልድ ቢሰንፍ ወይም ከሌላ ጋራ እንዲደባለቅ ቢተወው ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በአሜሪካ በ1975 የዘር ጠባቂዎች ማኅበር የተቋቋመውም ይህን ለመከላከል ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው ታሪክ ለጓሮ ገበሬ የሚጠቅም አንድ መደምደሚያ እናወጣለን። ዘር ሊያስቀር የሚፈልግ ሰው ከአንድ ወገን ብዙ ዓይነት ከመትከል ይልቅ ከየወገኑ አንዳንድ ዓይነት ይምረጥ። ለምሳሌ ለፈጥኖ ደራሽነት አንድ ፔፖ፥ ለተባይ መቋቋም አንድ ሞስካታ፥ ለመክረም አንድ ማክሲማ ቢተክል ሦስቱ በአንድ ጓሮ በሰላም ይኖራሉ። የጎረቤት ዱባ የሚያሰጋ ከሆነም፥ ሊከፈቱ የደረሱትን የወንዴና የሴቴ አበባዎች በምሽት ጫፋቸውን በክር ማሰር፥ በማለዳ ወንዴውን ቀንጥሶ ዱቄቱን በሴቴዋ ላይ ማሸት፥ እርሷንም መልሶ አስሮ ፍሬዋ ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል።

በአገራችን ገበያ ዱባ የሚሸጠው ያለ ዓይነት ስም ነው። ይሁን እንጂ ወገኑን ለማወቅ ስም አያስፈልግም፤ ፍሬውን ከሐረጉ ጋራ የሚያያይዘውን እጀታ መመልከት ነው። እጀታው ድቡልቡልና እንደ ቡሽ የለሰለሰ ከሆነ ማክሲማ ነው። ጠንካራና ባለ ማዕዘን ሆኖ ፍሬውን በሚነካበት ስፍራ እንደ እግር መዳፍ ከሰፋ ሞስካታ ነው። ጠንካራ፥ ባለ ጉልህ ማዕዘን ሆኖ ብዙ የማይሰፋ ከሆነ ፔፖ ነው። የዱባ ወጥ ልትሠራ ዱባ የምትሰነጥቅ እመቤትም ፍሬውን ከመጣልዋ ወይም ከመቁላትዋ በፊት እጀታውን ብትመለከትና ከጣፈጠው ጥቂት ዘር ብታስቀር፥ የማርብልሄዱ ካፒቴን የሠሩትን ሥራ ሠራች ማለት ነው።

ስለ ቅል ግን የሚያሳስብ ነገር የለም። ቅል ከዱባ ጋራ ፈጽሞ አይዳቀልምና በአንድ አጥር ላይ ቢጠላለፉ አንዱ የሌላውን ዘር አያረክስም። አበቃቀላቸው በእርግጥ ለየቅል ነው።